ሁለቴ የማይጠየቅበት አገር

የሄድኩት ልጄን ምዕራፍን ላርሳት ነው። የመጀመሪያ ልጇን ብቻዋን ወለደች፤ አልተረፈም። በሁለተኛው ከጎኗ እንደምሆን ቃል ገባሁላት። ቃሌን የሚያስቀር አንድ ክፉ ነገር ይመጣል ብዬም ከቤቴ ከወጣሁበት ቀን ጀምሮ ስጠብቅ ነበር።

ከደብረ ብርሃን እስከ ባሕሩ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በመርከብ ነው። አውሮፕላን ለእኛ ዓይነቱ ሰው የቀረው እኔ ገና ሳላገባ ነው። መርከቡ ሶንሃቭን በምትባል የኤልማርክ ወደብ አራገፈን። ምዕራፍ የምትኖረው ከዚያ በባቡር አንድ ቀን ሙሉ ወደ ሰሜን ተሂዶ ነው።

ወደ ሰሜን ለመዝለቅ ግን መጀመሪያ እንግዳ መሆን ያስፈልጋል። የኤልማርክ ሕግ እንዲህ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን ተማሪ፣ ወደቡ ላይ ብቻውን የሚኖር አንድ አዛውንት ቤት ይመደባል። እዚያ ራት ይበላል፣ ያድራል። ጠዋት ከእንግዳ ቢሮ ሰው መጥቶ ሁለቱንም ካነጋገረ በኋላ መንገዱ ይከፈትለታል። አገሩ አርጅቷል። መንገድ ላይ ያየሁት ሰው አብዛኛው ምርኩዝ ይዟል፤ ምርኩዙም ያናግረዋል፤ ድንጋይ አለ፣ ቀስ በል፣ መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ ይለዋል። ሰዉ ደግሞ ቆሞ ይመልስለታል።

መርከቡ ላይ አጠገቤ ትተኛ የነበረችው ረድኤት የምትባል የአዳማ ነጋዴ ናት። ስለዚህ እንግድነት የሚባል ነገር ብዙ ነገረችኝ። «እህቴ፣ የሚሰጡሽን እንዳትበዪ» አለችኝ። «የሚያስተኛ ነገር ያደርጉበታል። ከተኛሽ በኋላ ሻንጣሽንም ደምሽንም ይፈትሻሉ።» አዛውንቶቹ ጠዋት ስለ እንግዳው ሁሉን እንደሚናገሩ፣ ነውር የተገኘበት ወይም የዋሸ እንግዳ በመጣበት መርከብ እንደሚመለስም ጨመረችልኝ። ማን ነገረሽ ስላት ሄዶ የተመለሰ ሰው አለችኝ። አመንኳት። እኔ ክፉ ወሬ ለማመን ጊዜ አይፈጅብኝም።

ወደቡ ላይ ጆሮዬ ውስጥ ምስር የምታህል አስተርጓሚ አስገቡልኝ። ድምፁ የወንድ ነው፤ የድሮ ዜና አንባቢ ይመስላል። እንኳን ደህና መጡ ካለኝ በኋላ የአገሩን ልማድ ዘረዘረልኝ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሰው ሳይፈቅድ አይነካም። ቤቱ ይሰማል፤ የእንግዳ ክፍል ብቻ ጆሮ የለውም። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይጠየቅም፤ ሁለተኛ መጠየቅ ማስገደድ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት እንደ አውቶቡስ ማስታወቂያ ነው። ልቤ ያለው ፈታሾቹ ጋ ነበር። ለአራስ ያነጠርኩትን ቅቤ ወሰዱብኝ። የገንፎ ዱቄቱንም ወሰዱት። ዳቦ ቆሎውን ሲያዩ አንደኛው ፈታሽ አንድ ፍሬ አነሳ፣ አሸተተ፣ ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ አደረጋት፣ ምግብ አይደለም ብሎ ከነከረጢቱ መለሰልኝ።

የተመደብኩት ወይዘሮ ኢርማ የሚባሉ ሴት ቤት ነው። ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው፤ በሩ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፤ መስኮቱ ወደቡን ያያል። ግቢው ውስጥ የሟች ባላቸው ጀልባ ተደፍቶ ዙሪያውን አበባ ወሮታል። እሳቸው ረጅም ናቸው፤ ጀርባቸው አልጎበጠም፤ እንግዳ ይመጣል ብለው ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። ስሜን ሁለት ሦስት ጊዜ ለብቻቸው ተለማመዱት። «ኖላዊት» አሉ በመጨረሻ፤ በደንብ አሉት።

እንደ አገሬ ልሁን አልኩ። እሳቸው ወደ ክፍሉ በገቡ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። በተነሳሁ ቁጥር ግን ቤቱ ከግድግዳው ውስጥ፣ እንግዳዋ መውጣት ትፈልጋለች ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። እሳቸው ይደነግጣሉ። እኔም ደንግጬ እቀመጣለሁ። ደግመው ሲገቡ ደግሞ ሳላስበው ብድግ እላለሁ። ጉልበቴን በእጄ ይዤ ነበር የተቀመጥኩት ማለት እችላለሁ።

ራት ቀረበ። ዓሣ ነው፤ አጠገቡ የተቀቀለ ድንች፣ ላዩ ላይ ነጭ መረቅ። ሰሃኔን ይዘው፣ ጭልፋውን አንስተው፣ ዓይኔን አዩኝ።

«ትበያለሽ?»

«ኧረ ጠግቤያለሁ፣ አይቸገሩ» አልኩ።

ከጠዋት ጀምሮ ከውኃ በቀር የቀመስኩት ነገር አልነበረም። ግማሹ የረድኤት ወሬ ነው። ግማሹ ግን አስተዳደጌ ነው። እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ቃል ዘሎ የሚቀመጥ ሰው ያላየ ይባላል። እምቢታው የጨዋታው መጀመሪያ ነው። ባለቤቷ በሞቴ ትላለች፣ እንግዳዋ ቁርሴን አሁን ነው የበላሁት ትላለች፣ ባለቤቷ ትቆጣለች፣ ከዚያ ለእሷ ሲባል እየተባለ ይበላል። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ።

ወይዘሮ ኢርማ ጭልፋውን መለሱ። ከዚያ እሺ አሉና ሰሃኔን አነሱት። አልተቆጡም። ዓሣውን ከደኑት። ራሳቸው ትንሽ ቀምሰው ወደ መስኮቱ ሲያዩ ቆዩ። በጸደይ የመጣው እንግዳም አልበላም ነበር፣ ያመው ነበር አሉኝ። እኔ ዓሣው ሲያዩት ደስ ይላል አልኩ። ሆዴ ጮኸ። አስተርጓሚው ሊተረጉመው ሞክሮ አቃተውና፣ አልተሰማም እባክዎ ይድገሙት አለኝ።

ልብላ ማለት አንድ ቃል ነው። ግን ጠግቤያለሁ ካልኩ በኋላ ልብላ ብል ምን ይሉኛል? ውሸታም፣ ካልሆነም ረሃብተኛ። ጾም እንኳ ቢሆን ሰበብ ይሆነኝ ነበር። የተከደነውን ሰሃን ሳይ አመሸሁ።

ጨዋታቸው መልካም ነበር። ስለ ምዕራፍ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ስለ መጀመሪያው ልጅም ነገርኳቸው። እሳቸው አልወለዱም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱ እንዳይከብዳቸው ለቀው እንዲወጡ ብዙ ሰው መክሯቸዋል፤ አልሰሙም። «የዚህን ቤት ድምፅ ሁሉ አውቀዋለሁ» አሉ። «የቱ ደረጃ እንደተረገጠ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሻለሁ።» ሊያሳዩኝም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ውጪና ውረጂ አሉኝ፤ ደረጃውን ስረግጥ እየቆጠሩ አንዱንም አልሳቱ። ሳቅን። ከዚያ ሁሉ የቀረኝ ጥሩ ነገር እሱ ነው።

በዚያ ወራት እዚያ አገር ፀሐይ አትጠልቅም። ክፍሌ ስገባ መስኮቱ ላይ ገና ቢጫ ብርሃን ነበር። በሩን ዘጋሁ። ሻንጣዬን ከፍቼ የዳቦ ቆሎውን ከረጢት አወጣሁና አንሶላ ተከናንቤ መብላት ጀመርኩ። ዳቦ ቆሎው በመንገዱ ርዝመት ደርቆ ጠጠር ሆኗል። ቀጭ አለ። ቆም አልኩ። በምራቄ ላለስልሰው ሞከርኩ፤ ረሃቡ አላስጠብቅ አለኝ። ቀጭ፣ ቀጭ። ከግድግዳው ማዶ የእግር ኮቴ ይሰማ ነበር፤ ቆመ። እኔም አቆምኩ። ኮቴው ሄደ፣ እኔም ቀጠልኩ። የሰው ነገር እየሰረቅሁ የምበላ ያህል ነበር የሚሰማኝ፤ የራሴን ዳቦ ቆሎ።

ጠዋት ሻይ አቀረቡልኝ፤ ሻዩን ጠጣሁ። ወይዘሮ ኢርማ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ማታ ግድግዳው ውስጥ የሚቆረጥም ነገር ነበር» አሉ። «ሰምተሽዋል?»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብናገረው ግን ጠግቤያለሁ ያለችው ሴት ተደብቃ ስትበላ አደረች ማለት ነው። የእርስዎን ምግብ ተጸየፍኩ ማለት ነው።

«አይጥ ይሆናል» አልኩ።

ደስ አላቸው። እንዲህ ያለ ደስታ አልጠበቅሁም። ባላቸው በሕይወት ሳሉ አንድ አይጥ እንደነበረ፣ አይብ ይሰጡት እንደነበረ፣ እሳቸው ሲሞቱ እሱም እንደጠፋ ነገሩኝ። ከዳቦው ቁራሽ ቆርሰው፣ ጎንበስ ብለው፣ ምድጃው ጥግ ግድግዳው ሥር አስቀመጡለት።

የቢሮው ሰው ወጣት ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ገባ። እኔ ልብሴን አስተካክዬ፣ የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለምን መጣሽ፣ ስንት ጊዜ ትቆያለሽ፣ በሽታ አለብሽ ወይ። እሱ ግን ወንበሩን ወደ እሳቸው አዞረ።

እንግዳዋ በልታለች ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አልበላችም አሉ። ቤቱም ራት አልተበላም አለ። እንቅልፍ እንዴት ነበር አላቸው። የአይጡን ነገር እየሳቁ ነገሩት። ወጣቱ ወደ ግድግዳው አየ። ቤቱ በቤት ውስጥ አይጥ የለም፣ በግቢውም የለም አለ።

«እኔ ሰምቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ኢርማ። «እንግዳዬም ሰምታለች። አይጥ ነው ያለችኝ እሷ ናት።»

ወጣቱ ምድጃው ጥግ ያለውን ቁራሽ ዳቦ አየው። ሲናገር ድምፁ ለስልሶ ነበር፤ ሐኪም ለማይድን በሽተኛ የሚናገርበት ልስላሴ ነው። የጸደዩም እንግዳ ምግባቸውን እንዳልበላ አስታወሳቸው። አሁን ደግሞ ይህ ድምፅ መጣ። ላይ ዳገቱ ጫፍ ያለው የአዛውንቶች የጋራ ቤት ቦታ አለው፣ አትክልቱም ያማረ ነው አላቸው። ልጅ እግሩ እኒያን ሴትዮ አንቺ እያለ ነው የሚያናግራቸው፤ አስተርጓሚው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ያኔ ገባኝ። እየተመዘንኩ ያለሁት እኔ አይደለሁም። እኔ ሚዛኑ ነበርኩ። እንግዳ የሚላክላቸው ቤታቸውን መያዝ ይችሉ እንደሆነ ለማየት ነው። ሰው የሚበላው ምግብ ይሠራሉ? የሌለ ነገር ይሰማሉ?

ወጣቱ ወደ እኔ ዞረ።

«ማታ ድምፅ ሰምተሻል?»

ረድኤት ትዝ አለችኝ። የሚመለሰው መርከብ ወደቡ ላይ ቆሞ በመስኮቱ ይታያል። ምዕራፍን አሰብኳት፤ አልጋ ላይ፣ ብቻዋን።

«አልሰማሁም» አልኩ።

እና ጠበቅሁ። እኛ አገር ዳኛም ይሁን ፖሊስ፣ እናትም ብትሆን፣ አንዴ ጠይቆ የሚተው የለም። እውነት? ይላል። እስቲ በደንብ አስቢ ይላል። ቢደግምልኝ እናገር ነበር። አፌን እንኳ ከፍቼው ነበር። ወጣቱ አመሰገነኝና ተነሳ። አስተርጓሚው በዜና አንባቢ ድምፁ፣ መንገድዎ ተከፍቷል አለኝ።

ወይዘሮ ኢርማ አዩኝ። ለረጅም ጊዜ ነው ያዩኝ። እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ ጠዋት ጠይቀውኝ መልሻለሁ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አላገኘሁም። የነበረው ጥርጣሬ ነው፤ እሱም በእኔ ሳይሆን በራሳቸው ጆሮ። ስወጣ ካፖርቴን ይዘው አለበሱኝ። ልጅሽ በሰላም ትገላገል አሉኝ። አስተርጓሚው ለዚህ ትክክለኛውን ቃል አገኘ። በሩ ሲዘጋ ያቺ ቁራሽ ዳቦ ግድግዳው ሥር እንደተቀመጠች ነበረች።

ምዕራፍ በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት፤ ጤነኛ ናት። እኔ በየሰዓቱ እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር። ምዕራፍ እማ፣ አልጋው ራሱ ያዳምጣል፣ ተኚ እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

የሆነውን የነገርኳት የሕፃኗን ልብስ እያጣጠፍን ነው። እያጣጠፈች ሰማችኝ። ከዚያ እጇን አቆመች።

«እማ፣ ማንም አይመልስሽም ነበር። ዳቦ ቆሎ በላሁ ብትዪ ይስቁ ነበር እንጂ።»

ረድኤት ያለችኝን ነገርኳት። የሚያስተኛ መድኃኒት የሚባል ነገር የለም አለች። የተመለሰ ሰውም የለም። ከዚያ ለምን ዋሸሽ ብላ ጠየቀችኝ። የያዝኩትን ልብስ ፈትቼ እንደገና አጣጠፍኩት። እሷም አልደገመችም፤ ወደ ልብሱ ተመለሰች። ልጄ የዚያ አገር ሰው ሆናለች። የዚያን ቀን ደጋግማ ብትጠይቀኝ፣ ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ለቢሮው ጻፈችልኝ። ድምፁ የእናቴ ነው፣ ሴትዮዋ ደህና ናቸው አለች። የምስክር ቃል አንድ ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ቤቱም ለወጣት ባልና ሚስት እንደተሰጠ በትሕትና መለሱ። በምዕራፍ ወጥ ቤት ቆሜ ቢጫው በር ታየኝ።

ጊዜዬ ሲያልቅ፣ መመለሻዬ ሲደርስ፣ ዳቦ ቆሎ ሠራሁ። አጥብቄ አደረቅሁት። ምዕራፍ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ፤ ስንቅም ቋጥራልኝ ነበር። ስንቁን በባቡሩ ውስጥ አንዲት ጉርሻም ሳላስተርፍ በላሁት። ሶንሃቭን ስደርስ መርከቡ እስኪነሳ ጊዜ ነበረኝ። ዳገቱን ወጣሁ።

የጋራ ቤቱ መመገቢያ አዳራሽ ሰፊ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሹራብ ለብሰዋል። ወይዘሮ ኢርማን የለየኋቸው በጀርባቸው ነው፤ አሁንም አልጎበጠም። ጸጉራቸው ግን አልተሠራም። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ትንሽ ቆይቶ ፈታ አለ።

«የጠገበችው እንግዳ» አሉ።

አጠገባቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሳቁ፤ ወሬው ሳይደርሳቸው አልቀረም። ተቀመጥኩ። ባቡሩ ላይ ስለማመደው የነበረው ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። የዳቦ ቆሎውን ከረጢት ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። ልጄ በሰላም ወለደች አልኩ። ደስ አላቸው። ከዚያ ከከረጢቱ አንዷን ፍሬ አነሱና ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረጉባት፣ እንደዚያ ፈታሽ። አፋቸው ውስጥ ከተቷት።

ቀጭ አለች።

ማኘካቸውን አቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ደረጃዎቹን ሲቆጥሩ እንዳደረጉት። ሌላ ፍሬ ጨመሩ። ቀስ ብለው ነከሷት። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ነው የጠየቁኝ።

«አይጡ አንቺ ነሽ?»

አፌ ላይ የመጣው ብዙ ነው። ኧረ እንዲያው፣ እኔ እኮ፣ ልጄ፣ ሰዎች ብለውኝ። ሁሉንም ዋጥኩት።

«አዎ። እኔ ነኝ።»

የጠበቅሁት ቁጣ ነው። ለቁጣ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ፍሬ አንስተው በሽማግሌው መዳፍ ላይ አደረጉ። «ብላና ስማ» አሏቸው። ሽማግሌው ነከሱ። «ሰማህ? አላበድኩም። ጆሮዬ ደህና ነበር።»

ተነሱ። ከረጢቱን ይዘው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሄዱ፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሰጡ፤ ለእያንዳንዱ አላበድኩም አሉ። ጥርስ የሌላቸው በማንኪያ እየመቱ ሰሙ። አዳራሹ በቀጭ ቀጭ ሞላ። ያ ቤት ደግሞ ከግድግዳው ውስጥ፣ ያልታወቀ ድምፅ አለ፣ ያልታወቀ ድምፅ አለ ማለት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ቤታቸውን ያጡት ሴትዮ፣ ቤታቸውን ያሳጣኋቸው እኔ ያመጣሁትን እንደ ስጦታ እያደሉ ነበር የሚዞሩት።

ተመልሰው ተቀመጡ። ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ከፊታቸው ራታቸው ነበር፤ ዓሣ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ነጭ መረቅ፤ መረቁ ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቷል። ሰሃኑን በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ትበያለሽ?»

«እበላለሁ» አልኩ።

ጠግቤ ነበር።